የገብስማ ዶሮ ደንበኛ

ሻሸመኔ ገበያ ዶሮ የሚገዛ ሁሉ በእጁ አንጠልጥሎ ክብደቱን ይለካል። ይህ ካኪ ለባሽ ጓድ ግን የአውራ ዶሮውን የአንገት ላባ ብቻ በጣቱ ገልጦ እንደ ልጅ ፈገግ ይላል። ደግሞ ከገብስማ ሌላ ዞር ብሎም አያይም። ዶሮ ሻጯ ፋዲላ ዛር እንዳለበት ከጠረጠረች ቆይታለች። በየስብሰባው ዛርን የሚያወግዙት እነሱ ካድሬዎቹ ሆነው!

ዛሬ አላስቻላትም። ተጠጋችው።

«ጓድ፣ ዛርዎ ገብስማ ነው የሚወደው?»

ሳቀና ባርኔጣውን አወለቀ። ገበሩ ላይ ላባ የተጠመጠመባቸው ትንንሽ መንጠቆዎች ተሰክተዋል።

«ላባው ትራውት ለሚባል የባሌ ወንዝ ዓሣ ማጥመጃ ነው። ይህ ውሃው ውስጥ ሲሰምጥ ነፍሳት መስሎት ይውጠዋል። እኔማ ወንዙ ካልገባሁ ያመኛል፤ ስገባ ይለቀኛል።»

ፋዲላ በሳቅ ፍርስ አለች።

«ታዲያ እኔስ ምን አልኩ!»