በቅሎው የተንበረከከበት ቅዳሜ

ባለፈው እሑድ ጆርጂያ ግዛት፣ ስኔልቪል ባለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ ሁለቱ ልጆቼ ምንጣፉ ላይ ይታገሉ ነበር። እኔ ሶፋው ላይ ቁጭ ብዬ ሐብሐብ እበላለሁ። ድንገት ትንሿ አንድ ጩኸት ለቀቀችና ሳህኑን አስቀምጬ ብድግ አልኩ። «ዳዲ፣ ቺል! ፕሌይ እያደረግን ነው እኮ» አለኝ ታላቅየው፣ የእኅቱን እግር ብብቱ ሥር እንደያዘ። እሷ ፊቷ በእንባ ርሶ እየሳቀች ነው። እንባውን ልመን ወይስ ሳቁን? መሐል ሳሎን ቆሜ ቀረሁ። ሚስቴ ከኩሽና ብቅ ብላ «ምነው፣ ሐውልት መሰልክ እኮ» አለችኝ። እኔ ግን ሐሳቤ በቅሎው የሚባል ሰውዬ ዘንድ ሄዶ ነበር።

ያን ጊዜ ሃያዎቹን ገና የጀመርኩ ጎረምሳ ነበርኩ። በአዘቦት ቀን አንድ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ እሠራለሁ፤ ቅዳሜ ሲሆን ካሜራዬን አንግቼ እወጣለሁ። ካሜራ ያለው ያገሬ ልጅ ሁሉ ሠርግና ክርስትና ሲያነሣ እኔ የማነሣው ትግል ነበር። በቴሌቪዥን የሚታየውን ታላቁን ማለቴ አይደለም። ፒችትሪ ኮርነርስ በምትባል ከተማ፣ ከቢሮ ሕንፃዎች ጀርባ፣ ድሮ የምንጣፍ መጋዘን በነበረ አዳራሽ የሚደረገውን የሰፈር ትግል ነው። ታጣፊ ወንበሮች፣ መሐል ላይ በገመድ የታጠረ አንድ ሪንግ፣ በሩ አጠገብ በትልቅ ድስት በጨው የሚቀቀል ኦቾሎኒ። በሐምሌ ጣሪያው ሲግል የሰዉ ላብና የኦቾሎኒው እንፋሎት የካሜራዬን መስታወት ጉም ያለብሰው ነበር። አዘጋጇ ዋንዳ የምትባል፣ በሥራ ቀን የተማሪዎች አውቶቡስ የምትነዳ ሴትዮ ናት። ሪንጉ ሥር ተጠግቼ እንዳነሣ የፈቀደችልኝም እሷ ነች።

ለምን እንደወደድኩት ዛሬም በትክክል አላውቅም። ማን እንደሚያሸንፍ ቀድመው ተነጋግረው እንደጨረሱ አውቃለሁ። ግን የሚወድቁበት ወለል የምር ወለል ነው፤ ሰንበሩም የምር ሰንበር ነው። ውሸቱ የት አልቆ እውነቱ የት እንደሚጀምር በካሜራዬ ለመያዝ እሞክራለሁ፤ ቤት ገብቼ ፎቶዎቹን ሳያቸው ግን ጭራሽ ይምታታብኛል።

ከታጋዮቹ ሁሉ አንጋፋው በቅሎው ነበር። ስድሳን ያለፈ፣ ፀጉሩ እንደ ጥጥ የነጣ፣ ግን ደረቱ ገና በር የሚያክል ሰው። በጎልማሳነቱ በጆርጂያና በአላባማ ከተሞች እየዞረ የክፉውን ሰው ድርሻ ይጫወት ነበር። በልጅነታችን ፊልም ስናይ «አክተሩ» የምንለው ጀግና አለ አይደል? በቅሎው እሱን የሚያሰቃየው ነው። የታወቀበት ተንኮል አንድ ነው። መሸነፍ ሲጀምር ይንበረከካል፤ እጆቹን አጣምሮ «ለልጆቼ ስትል!» እያለ ይለምናል። ተጋጣሚው አዝኖ እጁን ሲዘረጋለት ዓይኑን በጣቱ ወግቶ ይጥለዋል። ሕዝቡ ይህን ስለሚያውቅ ገና ጉልበቱ መሬት ሲነካ «አትመነው! አትመነው!» እያለ አዳራሹን ያናውጠዋል። ድሮ አንዲት አሮጊት በዚህ ተንኮሉ ተናደው በጃንጥላ ራሱን እንደፈነከቱት በኩራት ያወራልኝ ነበር። በእኔ ጊዜ ግን የሚጠላው ሰው ጠፍቶ ሁሉም እየሳቀ የሚያጨበጭብለት ሽማግሌ ሆኖ ነበር፤ መወደዱን ግን የለመደው አይመስለኝም።

ያ ቅዳሜ የመጨረሻ ትግሉ ነበር። መኪናዬ ተበላሽታ ስለነበር አባቴ ነው ያደረሰኝ። አባቴ ታክሲ ነጂ ነው፤ ሰው የሚያውቀው ግን በሽምግልናው ነው። በዲቪ ከመምጣታችን በፊት በሰፈራችን የተጣላ ሁሉ እሱ ካልመጣ አይታረቅም። እዚህ መጥተን ፓይን ሌክ ከገባንም በኋላ ባልና ሚስት በተጋጩ ቁጥር ስልኩ ይጮኻል። ሁለት ሰዎች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲነጋገሩ ካየ እግሩ ሳያማክረው ወደዚያው ይሄዳል። ልጁ ቅዳሜ ቅዳሜ የት እንደሚጠፋ ማየት ፈልጎ ኖሮ «ፓርክ አድርጌ እገባለሁ» አለኝ።

«አባዬ፣ ግን የምር ጠብ አይደለም፤ ቲያትር በለው» አልኩት።

«ገብቶኛል። በቅሎ የሚባል ሰው አለ ያልከኝ እዚህ ነው?»

«አዎ፣ ዋናው እሱ ነው።»

«ሰው በገዛ ፈቃዱ በቅሎ ይባላል? በቅሎ ራሷ እንኳ አባትሽ ማን ነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት ብላ ሸሽታለች» ብሎ ሳቀ።

አባቴን መኪናው ጋ ትቼ ወደ ጓሮ ስዞር በቅሎው ጥላ ሥር ተቀምጦ ጉልበቱን በፋሻ ይጠቀልላል።

«ስማኝ ልጄ» አለኝ። «በእኛ ሙያ ሰው የሚሰናበተው በጀርባው ተኝቶ ነው። እኔን ያሳደጉኝ ሽማግሌዎች ለእኔ ተሸንፈው ነው የሄዱት። እኔም ዛሬ ለዚህ ልጅ ተሸንፌ እሄዳለሁ። ካንተ የምፈልገው አንዲት ፎቶ ነው፤ ጀርባዬ መሬት ነክቶ፣ የልጁ እጅ ወደ ላይ ተነሥቶ። እሷን ካገኘሁ በሰላም ቤቴ እገባለሁ።»

ልጁ የሚለው ካይል የተባለውን፣ ሪንግ ላይ ልዑሉ የሚሉትን መልከ መልካም ወጣት ነው። ሽማግሌውን እንዳይጎዳ ፈርቶ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰም ነበር።

አባቴ ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ በዚያ ሙቀት ኮቱን እንደለበሰ፣ ኦቾሎኒውን ታቅፎ ተቀመጠ። ወዶት ነበር፤ እየላጠ አጠገቡ ለተቀመጡት ነጭ አሮጊት ያካፍላል። ትግሉ ተጀመረ። ልዑሉ የበቅሎውን ደረት በመዳፉ ሲመታው ጠፍ የሚለው ድምፅ ጆሮ ይቆርጣል። ጥቂት እንደቆዩ በቅሎው ተንገዳገደና ተንበረከከ፤ እጆቹን አጣመረ። ሕዝቡ «አትመነው!» እያለ በሳቅ ፈነዳ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጠፋብኝ። በካሜራዬ አጉልቼ የማየው ፊት የማውቀው ፊት አልነበረም። አገጩ ይንቀጠቀጣል። «ለልጆቼ» አላለም፤ «በቃኝ» ብቻ ነው ያለው፣ ያውም ከእኔና ከልዑሉ በቀር ማንም በማይሰማው ድምፅ። ዳኛው ጎንበስ ብሎ እጁን ጨበጠው። ታጋዩ ደህና ከሆነ መልሶ ይጨብጣል፤ የሙያው ምልክት ነው። መልሶ ጨብጦ ይሆን? ፎቶው እስካሁን አለኝ፤ አጉልቼ ባየው ባየው አልለይ አለኝ።

ከኋላዬ «በሕግ አምላክ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው የሚወርድ ውኃም ይቆማል ይላሉ። ቃሉ የማይገባው ያ ሁሉ አሜሪካዊ ጸጥ አለ። አባቴ ኮቱን ለአሮጊቷ አስይዞ ገመዱን ዝቅ አድርጎ ሪንግ ውስጥ ገብቷል። ልዑሉን «ስቶፕ! ኢናፍ!» አለውና እንግሊዝኛው ስላነሰው በአማርኛ ቀጠለ፤ «ሽበት ተንበርክኮ ሲለምንህ አታፍርም? አባት የለህም?» ከዚያ ወደ በቅሎው ዞሮ «ይነሡ ወንድሜ፣ ይነሡ። ነውር ነው» አለ።

ሰዉ ከድንጋጤው ሲነቃ የዝግጅቱ አካል መሰለውና «አትመነው! ዓይንህን ጠብቅ!» እያለ ይጮኽ ጀመር። እኔ ካሜራዬን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። በቅሎው የለመደውን ቢያደርግስ? አባቴ ይህን አያውቅም፤ ፊቱን አቅርቦ፣ ብብቱን ይዞ ሊያነሣው እየታገለ ነው። እንደዚያን ጊዜ ፈርቼ አላውቅም። የበቅሎው እጅ ወደ አባቴ ፊት ተነሣ፤ አየር ላይ ጥቂት ቆየና አባቴ ትከሻ ላይ አረፈ። ተደግፎት ተነሣ። አባቴም ሥራውን በግማሽ አይተውምና ልዑሉን ማጅራቱን ይዞ «ሶሪ በል!» እያለ ወደ በቅሎው ጉልበት ጎንበስ አደረገው። ያ ግዙፍ ልጅ ምን እንደሚያደርግ ግራ ገብቶት ጎንበስ አለ። ሰዉ ሁሉ ቆሞ አጨበጨበ። በቅሎው በአባቴ ክንድ ተደግፎ ወጣ። ጀርባው መሬት አልነካም፤ ዳኛውም መሸነፉን ለማወጅ ሦስት ጊዜ ወለሉን አልመታም።

ከጀርባ ባለው ክፍል ዋንዳ «ይህን ማነው የጨመረው?» እያለች ትጮኻለች፤ ተቆጥታ ይሁን ደስ ብሏት አልገባኝም። በቅሎው ራሱ ላይ ፎጣ ጣል አድርጎ ተቀምጧል።

«የምርህን ነበር?» አልኩት።

«አርባ ዓመት ስንበረከክ አንድም ሰው ሊያነሣኝ መጥቶ አያውቅም» አለ። «መምጣትም አልነበረበትም፤ ማንም ያልመጣው ሥራዬን አሳምሬ ስለሠራሁ ነው። አባትህ ግን አቁሞ አስወጣኝ። ቆሞ የወጣ ሰው አልተሰናበተም። አሁን እንዴት አድርጌ ልሂድ?» ዓይኑ ቀልቷል፤ ንዴት ይሁን ሌላ ነገር እኔ ልለየው አልቻልኩም። ይህን እያለ ግን የአባቴን እጅ አልለቀቀም ነበር።

«ምን አለ?» አለኝ አባቴ።

«ደክሞኛል አለ።»

«እሱንማ አይቻለሁ።»

በዚያው ዓመት መኸር፣ ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር፣ በቅሎው ዋንዳን ለምኖ አንድ ትግል አስጨመረ፤ ለመሸነፍ ብቻ። ስቶን ማውንቴን መንገድ ላይ ባለች ትንሽ አዳራሽ ነበር። አባቴ ያን ቀን ኤርፖርት ተራ ይዞ ስለነበር ብቻዬን ሄድኩ፤ እንደሚካሄድም አልነገርኩትም። በቅሎው እንደገና ተንበረከከ፣ እጆቹን አጣመረ፣ ሕዝቡም እንደ ልማዱ «አትመነው!» አለ። ያኔ ዓይኑን ከልዑሉ ላይ አንሥቶ ወደ ወንበሮቹ ተመለከተ። ፊት ለፊት የተቀመጡትን አንድ በአንድ አያቸው። ማንም አልተነሣም። ልዑሉ ጣለው፤ ዳኛውም ሦስት ጊዜ ወለሉን መታ። ፎቶዋን አነሣኋት፤ ልክ እንዳለኝ፣ ጀርባው መሬት ነክቶ፣ የልጁ እጅ ተነሥቶ። አሳጥቤ ላክሁለት። ደውሎ «ደርሳኛለች» ብቻ አለኝ። ከዚያ በኋላ አላየሁትም።

ልጆቼ ምንጣፉ ላይ በታገሉበት እሑድ ወደ ማታ አባቴ ዘንድ ደውዬ ይህን ሁለተኛውን ትግል ነገርኩት። እስከዚያ ቀን ለምን እንዳልነገርኩት እኔም አላውቅም። አሁን አርጅቷል፤ ግን ነገር ሲያዳምጥ ዛሬም አያቋርጥም።

«ታዲያ ማን ገላገለው?» አለኝ ስጨርስ።

«ማንም። አባዬ፣ ጨዋታ ነው እኮ። መሸነፍ የፈለገው ራሱ ነው።»

«ወደ ወንበሮቹ አየ አላልከኝም?»

«አዎ፣ አይቷል።»

 

«ብትጠራኝ እኮ እመጣ ነበር» አለ።

ተራውን ጥሎ ይመጣ እንደነበር አላጣሁትም። በቅሎው ከእኔ የፈለገው አንድ ነገር ነበር፣ እሱንም ሰጥቼዋለሁ እያልኩ ይህን ሁሉ ዓመት ኖርኩ። ያን ቀን ወንበሮቹ መሐል የፈለገው ማንን እንደነበር ግን እንጃ፤ አባቴን ከነበረ ያስቀረሁበት እኔ ነኝ።