ካርዷን ይዘን እስከ እንግልውድ

በነሐሴ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከልጄ ከማህሌት ጋር ከምንኖርባት ከኦሮራ ተነስተን ወደ ጎረቤት ከተማ ወደ እንግልውድ ሄድን። የሄድነው አንዲት የቤዝቦል ካርድ ሰጥተን አንድ አሮጌ ጓንት ይዘን ለመመለስ ነው። ጓንቱ የካቸር ጓንት ነው። ካቸር ማለት ከመቺው ኋላ ቁጢጥ ብሎ የተወረወረውን ኳስ ሁሉ የሚቀበል ተጫዋች ሲሆን ማህሌት ከልጅነቷ ጀምሮ የተጫወተችው በዚያ ቦታ ነው። ዘንድሮ ኮሌጅ ጨርሳ ካንሳስ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህርትና የሴት ልጆች ቡድን አሠልጣኝ ሆና ተቀጠረች። የምትሄደው ሰኞ ነበር።

ሥራውን ስትነግረኝ ደስ አላለኝም። ነርስ ትሆናለች ብዬ ነበር። አስቢበት አልኳት፤ አሰበችበትና ፈረመች። ከዚያ በኋላ ሻንጣዋ ሳሎን ውስጥ ተከፍቶ ሲሞላ እያየሁ አንድ የምርቃት ቃል ከአፌ አልወጣም። ልጅ ከቤት ስትወጣ አባቷ ይመርቃታል፤ እሷም ይህን እየጠበቀች እንደሆነ አውቅ ነበር። ውሎ አድሮ ሐሳቤን ብለውጥም በባዶ እጄ ከምናገር ጓንቱን አስጨብጬያት ብናገር ይሻላል ብዬ ወሰንኩ። ሐሳቡን የለወጠ አባት መለወጡን በሥራ ማሳየት አለበት።

ስለ ካርዷ ልንገራችሁ። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ያላለፍኩ ሰው ነኝ። እዚህ አገር እንደገባሁ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ስሠራ ሬዲዮው ሁልጊዜ ቤዝቦል ያስተላልፍ ነበር። ምንም አልገባኝም፤ ስላልገባኝ ተናደድኩና መጽሐፍ ገዛሁ። እንግሊዝኛ የተማርኩት እንደዚያ ነው። ቤዝቦል ለአንባቢ የተመቸ ጨዋታ ነው፤ እያንዳንዱ ምት ይጻፋል፣ ስህተትም ሳይቀር ከነባለቤቱ ይመዘገባል። ካርዶቹ ደግሞ ከፊት የተጫዋቹን ፎቶ፣ ከኋላ የሥራ ታሪኩን በደቃቅ ቁጥር ይይዛሉ። ማህሌትን ክፍልፋይ ያስተማርኳት በካርድ ጀርባ ነው። ከአስር ሦስቱን የመታ ሰው ጎበዝ ይባላል፤ ሰባቱን ስቶ ማለት ነው። ይህን ስነግራት ሁልጊዜ ትስቅ ነበር፤ በእኔ ቤት ከአስር ሰባት ማምጣት እንኳ ያስቆጣ ነበርና።

ማህሌት በተወለደች ሳምንት የአንድ ጀማሪ መቺ ካርድ ገዛሁ። መቺው በኋላ ስሙ የሚጠራ ተጫዋች ሆነ። ካርዷን በገዛሁበት ቀን ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ወደሚገኝ ኮፒ ቤት ወስጄ ላሚኔት አስደረግኳት፤ በሁለት ፕላስቲክ መካከል ገብታ፣ በሙቀት ተጣብቃ፣ ዙሪያዋ ታሽጎ ወጣች። የምሳሳለትን ወረቀት ሁሉ እንዲህ ነው የማደርገው። የጋብቻ ወረቀታችንም የልጄ የልደት ሰርተፊኬትም ታሽገዋል። በእኔ ቤት ሻይ የፈሰሰበት ሰነድ የለም። ካርዷ በቆርቆሮ ሳጥን ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀመጠች። እንግዳ ሲመጣ አውጥቼ አሳይና እመልሳታለሁ። ማህሌት እንኳ በእኔ እጅ ላይ አየቻት እንጂ በእጇ ይዛት አታውቅም። "ያንቺ ናት፤ ቀኗ ሲደርስ" እላት ነበር።

ቀኗ ደረሰ። እንግልውድ በሚደረግ የካርድና የአሮጌ ዕቃ ትርኢት ላይ ጠረጴዛ ያላት ዶሪስ የምትባል ሴትዮ የከተማችን ቡድን በተመሠረተበት ዘመን አንድ ካቸር የተጫወተበት ጓንት እንዳላት ሰማሁና ደወልኩላት። ያንን ካርድ ንጹሕ ሆኖ ካመጣሁላት እንደምትለውጠኝ ነገረችኝ። ንጹሕ ናት ወይ ስትለኝ ከተገዛች ጀምሮ የሰው ጣት አልነካትም አልኳት። ውሸት አልነበረም።

ኮልፋክስን ይዘን

ሳምንቱን ሙሉ የአየር ማረፊያ መኪና ስለምነዳ ቅዳሜ መሪ አልነካም፤ ስለዚህ በአውቶቡስ ሄድን። ከቤታችን እስከ ፌርማታው ድረስ ያሉት ሱቆች ገና መከፈታቸው ነበር፤ አንዱ ባለሱቅ የእንጀራ ካርቶን ያወርዳል፣ ሌላው የስልክ ካርድ ማስታወቂያውን ይወለውላል። ጎረቤታችን ግርማ ታክሲውን አቁሞ መስታወት ሲያጥብ አየንና ሰላም አልነው። ካርዷን በቤታችን ስንት ጊዜ እንዳሳየሁት እሱ ያውቃል።

"ዛሬ ልትዳራት ነው አሉ?" አለኝ ግርማ በአገጩ ወደ ኪሴ እያመለከተ። "ምነው፣ ሽማግሌ ሳይላክ?"

"ሽማግሌው እኔ ነኝ" አልኩት።

"በል እንግዲህ፣ ጥሎሹን አደራ። ያንን ሁሉ ቡና ጠጥተን ያየናት ልጅ ናት።"

አውቶቡሱ ውስጥ ማህሌት መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች። ወደ ምዕራብ ስንሄድ ከመንገዱ ጫፍ ላይ ተራሮቹ ይታያሉ፤ ነሐሴ ስለሆነ በረዶ አልነበረባቸውም፣ ሰማያዊ ብቻ ነበሩ። ፓርክ ሂል የሚባለው ሰፈር ልንደርስ ስንል ወደ እኔ ዞረች።

"አባ፣ ላይክ፣ ካርዷን ትሬድ ባናደርጋትስ?" አለችኝ። "ጓንቱ አያስፈልገኝም፣ ሲሪየስሊ።"

የራራችልኝ መሰለኝና ተቆጣሁ። ሰው ለአንድ ቀን ያስቀመጠውን ነገር ያ ቀን ሲመጣ ሊሳሳለት እንደማይገባ፣ ስስት ፍቅር እንዳልሆነ፣ የተጀመረ ነገር መጨረስ እንዳለበት ነገርኳት። ንግግሬ ሁለት ፌርማታ ፈጀ። እሷ መስኮቱን አየች።

ፓርክ ሂል ላይ ወረድን፤ እዚያ ሳልገባበት የማላልፈው አንድ የአሮጌ መጻሕፍት ቤት አለ። የቤዝቦሉ መደርደሪያ ከወለል አጠገብ ስለሆነ ሁለታችንም እንደ ካቸር ቁጢጥ አልን። የሚጣፍጠኝ ሰዓት ይህ ነው። የደበዘዘ ሽፋን ትስባለህ፣ የድሮ ሜዳ ፎቶ ታያለህ፣ በኅዳጉ ላይ የማታውቀው አንባቢ "አይደለም!" ብሎ በእርሳስ ጽፎ ታገኛለህ፤ ከማታውቀው ሰው ጋር መከራከር ትጀምራለህ። ማህሌት ስለ ካቸሮች ብቻ የተጻፈ ወፍራም መጽሐፍ አገኘች። የጣቶቻቸው ፎቶ ነበረበት፤ ያልተጣመመ ጣት አልነበረም። የራሷን አመልካች ጣት አጠገቡ አድርጋ አሳየችኝ። ስድስት ዶላር ከፍዬ ገዛሁላት።

ውጭ ስንወጣ ቀኑ ቆንጆ ስለሆነ መጽሐፉን ይዘን ወደ ቤት ብንመለስ ምን ይመስልሃል አለችኝ። ሁለተኛ ሙከራዋ ነበር። እኔ ግን የሚቀጥለው አውቶቡስ ሲመጣ አይቼ መሮጥ ጀምሬ ነበር።

እንግልውድ

ከመሃል ከተማ በባቡር ወደ ደቡብ ወረድን፤ ከባቡር ጣቢያውም ወደ አዳራሹ በእግር ሄድን። በሩ ላይ ሆት ዶግ ይሸጣል። ፍልሰታ ስለሆነ ሽታውን ብቻ ይዘን አለፍንና ድንች ጥብስ ገዝተን ቆመን በላን።

አዳራሹን እንዴት ልንገራችሁ? ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ጠረጴዛ ነው። በረጃጅም ካርቶኖች ካርድ ተደርድሯል፤ ሽበታም ሰዎች መርፌ እንደጠፋበት ልብስ ሰፊ አጎንብሰው በጣታቸው ጫፍ ያገላብጣሉ። በመስታወት ሳጥን የተፈረመባቸው ኳሶች፣ የድሮ የሱፍ ማልያዎች፣ የተቆረጡ የመግቢያ ቲኬቶች አሉ። የአሮጌ ቆዳና የወረቀት ሽታ አለ። እኔ እዚያ ቦታ ስገባ የደመወዝ ቀን የደረሰ ይመስለኛል። አንዱ ጥግ ግን ውስጡ የማይታይ እሽግ እየገዙ ዕድላቸውን የሚሞክሩ ነበሩ። ያ ሎተሪ ነው፤ የፈለግኸውን ካርድ አይተህ፣ አውቀህ ግዛ ብዬ ለማህሌት ነገርኳት። ይህንንም ሰምታው ታውቃለች።

ዶሪስ ነጭ ፀጉሯን የጎነጎነች፣ መነጽሯን ደረቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴትዮ ናት። ጓንቱ ፊቷ ተቀምጧል፤ ቆዳው ጠቁሯል፣ ኳስ የሚያርፍበት መሃሉ ለስልሶ ያብለጨልጫል። ለማህሌት እንድትሞክረው ሰጠቻት። ልጄ እጇን አስገብታ በቡጢዋ ሁለት ጊዜ መታችው። ያንን ፊቷን አየሁት፤ አያስፈልገኝም ያለችው ውሸቷን ነበር።

ካርዷን ከደረት ኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኳት። ዶሪስ መነጽሯን አደረገች፤ ማዕዘኖቿን ልታይ አጎንብሳ ግን ማየቱን ተወችው።

"ይህን ያደረገው ማነው?" አለች።

"እኔ ራሴ" አልኩ፣ እንደሚመሰገን ሰው።

ዶሪስ ማህሌትን አየቻት። ማህሌት ጓንቱን ቀስ ብላ አወለቀች።

"አዝናለሁ" አለች ዶሪስ። "በሙቀት የታሸገች ካርድ ለሰብሳቢ አልቆላታል። ፕላስቲኩ አይላቀቅም፤ ቢላቀቅም ቀለሙን ይዞት ይመጣል።" ሌሎቹን ካርዶቿን አሳየችኝ፤ ሁሉም ወጣ ገባ በሚሉበት ልቅ የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ነበሩ። እኔ ስንት ዓመት ሳያቸው ከረጢቱን የድሃ ላሚኔት አድርጌ ነበር የማስበው።

"ጭረት የለባትም እኮ" አልኩ።

"የለባትም። በጣም ቆንጆ ናት። ግን ከእንግዲህ ማንም ሊነካት አይችልም።"

የጎኑ ጠረጴዛ ሰውዬ አንገቱን አስግጎ "መንጃ ፈቃድ አስመሰላት" ብሎ ሳቀ። ማህሌት እንደ ጥይት ዞረችበት። ካርዷ የእኔ ናት፣ ጨረስክ? አለችው በእንግሊዝኛ። ሰውዬው ወደ ካርቶኑ ተመለሰ።

ጓንቱ በገንዘብ ስንት እንደሆነ ጠየቅኩ። ኪሴ የሚችለው አልነበረም። ዶሪስን አመስግኜ ወጣሁ፤ በክብር መውጣት እንኳ አይቅርብኝ ብዬ ቀጥ ብዬ ተራመድኩ።

አግዳሚው ላይ

ከአዳራሹ ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን።

"ታውቂ ነበር?" አልኳት።

"ከሚድል ስኩል ጀምሮ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ለእንግዳ ስታሳያት ፊትህን አየው ነበራ።"

ለአባት ማዘን ጥሩ ቢሆንም እያወቁ እንግልውድ ድረስ ማስኬድ ግን ማዘን እንዳልሆነ ነገርኳት። ዝም ማለትን አክብሮት ብለሽ አትጥሪው አልኳት።

"ባስ ላይ ልነግርህ ስል ሌክቸር አደረግከኝ እኮ፣ አባ" አለች። "ሌክቸርህ መግቢያ የለውም።"

እውነት ሲሆን እውነት ነው ማለት አለብኝ፤ መግቢያ የለውም።

"ደሞ አንድ ነው የሳትከው" አለች በትከሻዋ ገፋ አድርጋኝ። "ከአስር ዘጠኝ የመታ ሰው የትኛው መጽሐፍ ላይ አለ?" ከዚያ እጇን ዘረጋች። "አሁን ልያዛት?"

ሰጠኋት። በሁለት ጣቷ ይዛ አየቻት፣ ገለበጠቻት፣ ጀርባዋ ላይ ያለውን ቁጥር አነበበች። ቀጥላ የፓርክ ሂሉን መጽሐፍ ከፈተችና በባቡሩ እያነበበች የደረሰችበት ገጽ ላይ ሰካቻት። የፕላስቲኩ ጠርዝ ከመጽሐፉ በላይ ብቅ አለ፤ ለምልክትነት ተለክቶ የተሠራ ይመስል ነበር።

ወደ ባቡሩ ስንመለስ የነሐሴው የከሰዓት ዶፍ ከነበረዶው ወረደ። ሮጥን። ማህሌት መጽሐፉን ሸሚዟ ውስጥ ደበቀችው፤ ካርዷ ግን አመለጠቻትና ኩሬ ውስጥ ወደቀች። አንስታ በጂንሷ ጠረገቻት። ጠብታ እንኳ አልገባትም። ጣቢያው ጣሪያ ሥር ቆመን ያችን ካርድ እያየን ሁለታችንም ሳቅን። እስቲ የዶሪስ ካርዶች እንዲህ ያለውን ውኃ ይቻሉት።

ሳቁ ሲያልቅ አንድ ነገር ገባኝ። ጓንት የለም፣ ባቡሩም እየመጣ ነው፣ ከነገ በስቲያ ሰኞ ነው። ጓንቱን የፈለግኩት ልሰጣት ብቻ አልነበረም፤ ተሳስቼ ነበር፣ ሥራሽ ጥሩ ነው የሚለውን ቃል እሱ እንዲናገርልኝ ነበር።

"ማህሌት፣ ጎንበስ በይ" አልኳት።

ወዲያው ገባት። ጣቢያው ሰው ሞልቶበት ሳለ መጽሐፉን አቅፋ ጎንበስ አለች። እጄን እርጥብ ራሷ ላይ ጫንኩ።

"የመረጥሽው ሥራ የክብር ሥራ ነው፤ ቶሎ አለማለቴ የእኔ ድክመት ነው። እግዚአብሔር ከፊትሽ ይቅደም። የሚወረወርልሽን ሁሉ የሚይዝ እጅ ይስጥሽ። ቁጢጥ ያልሽበት ጉልበት አይድከም። የምታስተምሪያቸው ልጆች ይውጡልሽ። አንዱ ሲያመልጥሽም አንስቶ የሚያቀብልሽ አይጥፋ።"

"አሜን" አለች። በረዶው ቆርቆሮውን እየደበደበ ስለነበር ጮክ ብላ ደገመችው።

ቤት

ኦሮራ ስንደርስ ዝናቡ አባርቶ አስፋልቱ ይጨሳል። ከሰፈራችን ምግብ ቤት አንድ የጾም በያይነቱ ለሁለት በላን። ግርማ በሩ ላይ አግኝቶን ተዳረች ወይ አለኝ። ተዳረች፣ ካንሳስ ትገባለች አልኩት። ጥሎሹ ስንት ሆነ ሲለኝ ማህሌት መጽሐፉን ከፍታ አሳየችው፤ ግርማም ያችን ካርድ ለመጀመሪያ ጊዜ በእጁ ያዘ።

ቤት ገብተን የቆርቆሮውን ሳጥን ከፈትኩላት። የልደት ሰርተፊኬቷን ስታይ "አባ፣ ይሄንንም?" አለችኝ። የታሸገ ሰርተፊኬት ብዙ መሥሪያ ቤት አይቀበልምና ሰኞ ከመነሳቷ በፊት አዲስ ቅጂ እንዲወጣላት በኢንተርኔት ማመልከት ነበረብን።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩትን ለሌሎች አባቶች ልናገር። ዕቃ መጠበቅ ጥሩ ነው፤ እኔ ዛሬም እጠብቃለሁ። ግን ስለ አንድ ነገር አያያዝ የሚያውቅ ሰው ሳትጠይቁ አታሽጉ። ከልጆቻችሁ ጋር ስትነጋገሩም እነሱ የሚገቡበት ቦታ ተዉ፤ ምናልባት የምታስተምሯቸውን ነገር ከዓመታት በፊት አውቀውት ይሆናል። ምርቃትን ደግሞ ስጦታ እስክታገኙ አታቆዩት። እኔ ባዶ እጄን ነበርኩ፤ አልጎደለባትም።

ማህሌት ሰኞ ስትሄድ መጽሐፉን ከመኪናዋ የፊት ወንበር ላይ አስቀመጠችው፤ ካርዷ ከመሃሉ ብቅ ብላ ትታይ ነበር። አንብባ ስትጨርስ መጽሐፉን እንድትልክልኝ ነገርኳት። ካርዷን ግን እሷው ጋ ታስቀራት፤ ገና ብዙ የምታነበው አለ።