ደስ እንድል የታዘዝኩበት ቀን

ኮረብታው ስም አልነበረውም። ካርታ ላይ ቁጥር ነበረው፤ ቁጥሩን የሚያውቁት መኮንኖቹ ናቸው። እኛ «ያዮ» እንለው ነበር። ስሙን ያወጣለት ዋቅጅራ ነው። ዋቅጅራ የያዮ ልጅ ነው፤ ፀሐይ መሬት በማትነካበት የቡና ጫካ ቀፎ እየሰቀለ ያደገ። ሰሜን ግንባር ገብተን ከምሽጋችን ፊት ለፊት ያንን የድንጋይ ክምር፣ አንዲት ቁጥቋጦ ብቻ የበቀለችበትን፣ ባየ ጊዜ «እንኳን ደህና ገባችሁ፤ ያዮ ደረስን» አለ። ሳቅን። ስሙም በዚያው ጸና።

ከኤርትራ ጋር በተዋጋንበት ጊዜ ነው። አሁን መቱ ሱቅ አለኝ። የሰፈር ወጣቶች ባንኮኒዬን ተደግፈው «ስንት ገደልክ?» ይሉኛል። አላውቅም። እውነቱን ነው፤ ጥይት ሲሄድ እንጂ ሲደርስ የሚያይ የለም። የማውቀው ሌላ ነው፤ አንድ ቀን ሙሉ ደስ እንዲለኝ ታዝዤ ነበር። እሱን ልንገራችሁ።

በጓዱ ዘጠኝ ነበርን። አራታችን የኢሉባቦር ሰዎች ነን። የጓድ መሪያችን አሥር አለቃ ፍሬው የጎሬ ሰው ናቸው፤ ኦርቶዶክስ፣ ዕድሜያቸው ከሁላችን የገፋ፣ ሲናገሩ ቃል የሚቆጥቡ። ዋቅጅራ ጴንጤ ነው፤ በጓዱ ያለው አንድ መጽሐፍ ቅዱስ የሱ ነው። መትረየሱን የሚይዘው ጀማል የዳሪሙ ሙስሊም ነው። እኔ አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ መቱ ገበያ ውስጥ የወለደኝ ነኝ። ትምህርቴም እዚያው ነው፤ ሚዛን ላይ። ስሜን የሚጠራ አልነበረም፤ «ነጋዴው» ነበር የምባለው።

ጠዋት ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ዋቅጅራ ሁላችንንም «አከም ቡልቴ?» እያለ፣ እንዴት አደርክ እያለ፣ በምሽጉ ይዞራል። ከዚያ ያነብልናል። መጀመሪያ ሰሞን ረጅም ረጅም ምዕራፍ ነበር የሚያነበው። አንድ ቀን አሥር አለቃ ፍሬው አስቆሙት።

«ልጄ፣ ይህን ሁሉ ማን ይኖረዋል? ዘብ እንኳ በተራ ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ቃል፣ አንድ ቀን። ያነበበው ፀሐይ እስክትገባ ይጠብቀዋል።»

እንዲህ ሆኖ በአራታችን በኢሉባቦር ሰዎች መካከል የቃል ዘብ ተጀመረ። ተረኛው አንድ ቃል ያነባል፤ እስከ ማታ ያንን ይኖራል። ከቃሉ ከጎደለ በማግስቱ የሁላችንን ውሃ ከታች ተሸክሞ ያወጣል። ጀማልም ተራ ገባ፤ የሱን ቃል ከራሱ ቤት ያመጣል። አንዴ ስለ ጎረቤት ሐቅ ተናግሮ ቀኑን ሙሉ የጎረቤት ጓድ ምሽግ ሲጠግን ዋለ። እኛን አሳፈረን።

ዋቅጅራ አንድ ጠዋት «ለሚለምንህ ስጥ» የሚለውን አነበበ። ጅል! ነጋዴ አጠገቡ ተቀምጦ! እስከ ስድስት ሰዓት ኮቾሮውን፣ ያን ደረቅ የወታደር ብስኩት፣ ሳሙናውን፣ ቀበቶውንና አንድ ጥንድ የሱፍ ካልሲ፣ እናቱ የሠራችለትን፣ ለምኜ ወሰድኩ። ሱሪውን በአንድ እጁ ይዞ ዋለ። አንዴም አልተቆጣም። በማግስቱ ሁሉንም መለስኩለት፤ ከካልሲው በቀር። ካልሲው ይሞቅ ነበር።

የኔ ተራ ግን መከራ ነበር። አንዴ «ለመናገር የዘገየ» የሚለውን መረጥኩና ቁርስ ሳንበላ ጎደልኩ። ሌላ ጊዜ ስለ ትዕግሥት አነበብኩና ከሻይ ሰልፍ ላይ ተጣላሁ። ሁለቴ ውሃ አወጣሁ። ስለዚህ እንደ ገበያ ሰው አሰብኩ፤ ክብደቱ ቀላል የሆነውን እቃ ፈለግሁ። ቀጣዩ ተራዬ ከመድረሱ በፊት መጽሐፉን ተውሼ ገጽ በገጽ ፈተሽኩት። አገኘሁት። ሦስት ቃል ብቻ ናት።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሥቼ አነበብኩ፤ «ሁልጊዜ ደስ ይበላችሁ።» መጽሐፉን ዘጋሁት።

ጀማል «አለቀ? ይቺ ቃል ናት ወይስ የበዓል ሰላምታ?» አለ።

«አጥብቆ ተከራክሮ ነው የገዛት» አለ ዋቅጅራ።

አሥር አለቃ ፍሬው አልሳቁም። «ይሁን» አሉ። «ደስ ይበልህ። ፀሐይ እስክትገባ።»

አንድ ሰዓት ላይ ውሃው አልመጣም። ፊቴን ቋጠርኩ። ዋቅጅራ በጣቱ እየጠቆመኝ «ገመዲ!» አለ፤ በኦሮምኛ ደስ ይበልህ ማለት ነው። ጓዱ ሁሉ ተቀበለው። ቦቲዬን ሳጠልቅ ጊንጥ ወጣች። «ገመዲ!» የጎረቤት ጓድ ሰዎች ሳይቀሩ እየጮሁ ይስቁብኝ ጀመር። እኔም እንደ ቂል ጥርሴን አሳያለሁ። ውሃ ማውጣት ይሻለኝ ነበር።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ትእዛዝ መጣ። ያዮ እስከ ስምንት ሰዓት በእጃችን እንዲገባ።

ዋቅጅራ ትጥቁን እያጠበቀ «አገሬ ልገባ ነው» አለ። የሳቀ የለም። ከዚያ ሁሉም ዞር ብለው እኔን አዩኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። ከኔ የሚፈልጉት ነገር ነበራቸው፤ እኔ ደግሞ ቃል ገብቻለሁ። «እዚያ ስንደርስ ቡናው የደረሰ እንደሆነ እኔ ነኝ የምረከበው» አልኩ። አሁን ሳቁ።

አራት ሰዓት ላይ ከባድ መሣሪያው ጀመረ። አራት ሰዓት ተኩል ተነሣን። ደረቁን ወንዝ ተሻገርን። ሞርታር መጣ። ተኛን። ተነሣን። ከመካከላችን ሁለት አልተነሡም። ጀማል ከግራ በኩል መትረየሱን አሠራው። ሽቅብ ሮጥን። ድንጋዩ ይፈነጠራል። አፌ ደርቆ ምላሴ ተጣበቀ። ሰባት ሰዓት ከሃያ ላይ ጫፉ ላይ ነበርን። ቁጥቋጦዋ አልነበረችም።

አሥር አለቃ ፍሬውን ከአንድ ቋጥኝ ጀርባ አገኘኋቸው። ያረፉ መስሎኝ ነበር። ደረታቸውን ሳይ ተንበረከክሁ።

«ነጋዴ» አሉኝ። «ፊትህ ወድቋል።»

«አሥር አለቃ...»

«ፀሐይ አልገባችም።»

ሌላ ቃል አልተናገሩም።

ዋቅጅራ ከሳቸው በላይ በኩል ወድቆ ነበር፤ ጭኑን ተመትቶ። ሐኪሙ ወታደር እግሩን ጠፍሮ አሰረና እኔንና ጀማልን አየን። «ብዙ ደም ፈሶታል። ሕክምና ጣቢያው አራት ሰዓት ያስኬዳል። እንዳያንቀላፋ። አናግሩት፤ ዝም ካላችሁት ታጡታላችሁ።»

በቃሬዛ ተሸከምነው። እኔ ከፊት፣ ጀማል ከኋላ። ዋቅጅራ ግዙፍ ሰው ነው፤ የያዮን ጫካ ሁሉ ያወረድን መሰለኝ። ገና ደረቁ ወንዝ ጋ ስንደርስ ዓይኑ ተከደነ። ጀማል ከኋላ «አናግረው! ተዘጋ!» ብሎ ጮኸ።

ምን ልበል? አሥር አለቃ ፍሬው ሞተዋል። ደስታ የሚባል ነገር ብፈልግ በኪሴም በልቤም የለም። ግን ተረኛ ነኝ። ዘብ የሚቆመው ደስ ስላለው አይደለም፤ ተራው ስለሆነ ነው። እኔም በማውቀው ሙያ ጀመርኩ።

«ጀማል፣ ሰምተሃል? መቱ ገበያ የያዮ ማር ስኳር ይቀላቀልበታል ይላሉ።»

አሥር እርምጃ ያህል ሄድን። ከዚያ ከቃሬዛው ላይ ቀጭን ድምፅ መጣ።

«ማነው... ያለው?»

«እኔ ነኝ። ቀምሼዋለሁ።»

«ውሸታም! የኔ ማር... የገተማ ዛፍ አበባ ነው። ነጭ ነው።»

«ነጭ የሆነው በስኳሩ ነዋ!»

«አውርዱኝ!» አለ። «አውርዱኝና ላሳየው!»

ጀማል ከሳቁ የተነሣ ቃሬዛውን ሊለቀው ነበር። «እኔ ግን የዳሪሙ ማር ይበልጣል እላለሁ» አለ።

«ዳሪሙ ንብ መቼ አይቶ ያውቃል!»

በዚህ አያያዝ አንድ ሰዓት ሄድን። ማሩን ጨርሰን ወደ ቀፎው ገባን። ቀፎ አሠራሩን ተሳስቼ ነገርኩት፤ እየተቆጣ አረመኝ። ደግሜ ተሳሳትኩ። ለኔ ለማስረዳት ሲል በሕይወት ቆየ። መሐል ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አሥር አለቃስ?» አለ። ጀማል «ቀድመውናል» አለ። ዋቅጅራ «እንግዲያው ፍጠኑ» አለ። የገባው ይመስለኛል።

የመጨረሻዋን ዳገት ስንወጣ እንደገና ተዘጋ። ማርም አልነካውም፣ ቀፎም አልነካውም። እጄ ደንዝዟል። ያለኝ የመጨረሻ እቃ አንድ ነበር።

«ዋቅጅራ፣ የእናትህ ካልሲ እግሬ ላይ ነው። አልመልስልህም። ከሞትክ ደግሞ ለዘላለሙ የኔ ነው።»

ዓይኑ ተገለጠ። «ሌባ» አለ። እንዲህ ያለ ጥሩ ቃል ሰምቼ አላውቅም። እየሳቅሁ ሮጥኩ። የሳቅሁት ለትእዛዝ አልነበረም፤ እውነተኛ ነበር። ከየት እንደመጣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ደረስን። ሐኪሞቹ ተቀብለውን ድንኳን ውስጥ አስገቡት። አንዷ ነርስ ብቅ ብላ «ጓደኛችሁ አፈኛ ነው፤ ስለ ማር ይሰድበናል። ይተርፋል» አለችን። ጀማልና እኔ ደጁ ላይ ተቀመጥን። ፀሐይ ኮረብታው ጫፍ ላይ ነበረች፤ እናያታለን።

«ገባች» አለ ጀማል።

ያን ጊዜ አለቀስኩ።

በማግስቱ ተቆጠርን። ከዘጠኝ አምስት ነበርን፤ ዋቅጅራን ጨምሮ። አሥር አለቃ ፍሬው የሉም። ኃይሌ የለም። ተስፋዬ የለም። ከመጣ ሳምንት የሆነው፣ ስሙን ገና «አዲሱ» ብለን የምንጠራው ልጅ የለም፤ እውነተኛ ስሙ ብርሃኑ እንደሆነ ያወቅነው ሲጻፍ ነው። ከወዲያ በኩልም ብዙ ወድቀው ነበር። የእነሱን የቆጠሩት የነሱ ሰዎች ናቸው።

ዋቅጅራ እያነከሰ ያዮ ገባ፤ ቀፎውን አሁን ልጆቹ ይሰቅሉለታል። በየዓመቱ አንድ ጣሳ ነጭ ማር ይልክልኛል፤ ክዳኑ ላይ «ስኳር የለበትም» ብሎ ይጽፋል። ካልሲውን አልመለስኩም። ጀማል ዳሪሙ ቡናውን ይለቅማል። የቃል ዘቡ አልቆመም። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተረኛው በስልክ ቃሉን ይነግራል፤ እስከ ማታ ይጠብቃል። «ሁልጊዜ ደስ ይበላችሁ» ዳግመኛ ተራዬ ላይ አልመረጥኳትም። የሰው አቅም የሚያክል ቃል እመርጣለሁ።

ተራ ስንቆጥር አሥር አለቃ ፍሬውን ጨምረን አሁንም አራት ነን። ያ የያዮ ቀን የኔ ነበር፤ ማግስቱ የአሥር አለቃ ፍሬው። የትኛውን ቃል ሊያነቡልን እንዳሰቡ ለማንም አልነገሩም። የሳቸው ቀን ሲደርስ የሚያወራ የለም። ዋቅጅራ ሚስኮል ያደርግልናል፤ አንዴ ይጮኽና ይቋረጣል። እኔም ሱቄን እከፍታለሁ። ከአራቱ ቀን ሁሉ የሚከብደው ይሄ ነው። ቃላቸውን ስለማናውቅ ሁሉንም ቃል መጠበቅ አለብን።