የዋዶ የአንገት ብረት

ዋዶን ለአንጁሎ የዳሯት ደርግ በወደቀ ማግስት ነው። የመጀመሪያ ሚስቱ ስለሆነች፣ የመንደራቸው የካኮ ብረት ቀጥቃጭ ከፊት ለፊቱ ጉጥ የወጣለትን ቀለበት አንገቷ ላይ ገጠመላት። ብረቱ በድንጋይ እየተመታ ሲዘጋ ጥርሷን ነክሳ ቻለችው። ከዚያ በኋላ በበና ሕዝብ ምድር የትም ብትሄድ «የማን ነሽ?» የሚላት አልነበረም። ውሃ ስትወርድ መንገድ ይለቁላታል፤ ድግስ ላይ የመጠጡ ቅል መጀመሪያ የሚቀርበው ለእሷ ነው። አንጁሎ በኋላ ያመጣት ሁለተኛ ሚስቱ ኡሪ፣ ጉጥ የሌለው ቀለበት አጥልቃ የዋዶን ቃል እየሰማች ኖረች።

ዋዶ ደግሞ ሙያተኛ ነበረች። የፍየል ቆዳ ፍቃ፣ በቅቤ አሽታ እንደ ጨርቅ ታለሰልሰዋለች፤ ጠርዙን በጨሌና በዛጎል ስትሰፋው ሴቶች ከሩቅ ሰፈር እየመጡ ያዩላት ነበር።

ከወለደቻቸው የተረፈችላት አንዲት ልጅ ናት። ልጅቱ ጂንካ ተምራ፣ እዚያው ተጠምቃ ኤልሳ ተባለች። አንጁሎ በወባ ሞቶ ሁለት ዓመት እንዳለፈ፣ ኤልሳ ዮሴፍ ለሚባል የገዘር ከተማ ልጅ፣ ለአንድ አስተማሪ ታጨች። ለሠርጉ ጥቂት ቀን ሲቀረው ካኮ መጣች።

«እናቴ፣ ቀሚስ ገዝቼልሻለሁ።»

«እለብሰዋለሁ።»

«ብረቱስ?»

«ብረቱ ምን ሆነ?»

ኤልሳ መሬት መሬቱን አየች። «የዮሴፍ ዘመዶች ይመጣሉ። የታሰርሽ ይመስላቸዋል።»

«አንቺስ? ምን ይመስልሻል?»

ኤልሳ ቀሚሱን ከፌስታል አውጥታ ማጣጠፍ ያዘች። ከስድብ ይልቅ ይኼ ዋዶን አመማት።

ኡሪ ነገሩን ስትሰማ እግሯ ላይ ወደቀች። «አንጁሎ ሲሞት እንኳ ያልወለቀ ብረት ነው፤ ተይ» አለቻት። ዋዶ ግን «ያለችኝ አንዲት ልጅ ናት» ብላ ጂንካ ወረደች።

ብረቱን የቆረጠው መንገድ ዳር ያለ በያጅ ነው። አንገቷና ብረቱ መሀል እርጥብ ጨርቅ ሸጎጠና ማሽኑን አስነሣ። ብልጭታው ጆሮዋ ሥር ሲረጭ ዓይኗን ጨፈነች። ሲያበቃ ሰውየው ቁርጥራጩን በእጁ ይዞ፣ «እማማ፣ ይወስዱታል?» አላት። እሷ አፏን ሳትከፍት ኤልሳ ቀደመች፤ «ተወው፣ ጣለው።»

በሠርጉ ቀን አንገቷ በረዳት። ራሷ የራሷ አልመስል አላት። በተነሣችው ፎቶ ሁሉ ላይ አንድ እጇ ጉሮሮዋን ይዟል።

ካኮ ስትመለስ የአንጁሎ ወንድም ልጅ ለአቅመ አዳም መድረሱን ለማስመስከር በተደረደሩ ከብቶች ላይ የሚዘልበት ድግስ ደረሰ። ከሩቅ የመጣች አንዲት ወጣት ሴት ቅሉን ይዛ ወደ ዋዶ ቀረበች፣ ባዶ አንገቷን አየችና አልፋት ለኡሪ ሰጠች። ኡሪ ደንግጣ ቅሉን ወደ ዋዶ ስትመልስ ወጣቷ፣ «ተያት፣ የከተማ ሰው ናት» አለች። ዋዶ ቀምሳ መለሰችው። ከዚያን ቀን ወዲህ ድግስ ሲሰማ ፍየል ጠፋብኝ እያለች ትቀራለች። ቆዳ መስፋቱንም ተወችው።

ስምንት ዓመት አለፈ። ኤልሳ ጂንካ የባህል ጉዳይ የሚይዝ መሥሪያ ቤት ተቀጥራ ነበር። አንድ ቀን ደወለች።

«እናቴ፣ የባህል ቀን አለ። የበናን አለባበስ የምታሳዪልን አንቺ ነሽ። ለአለቃዬ ነግሬዋለሁ።»

«በምን አሳያለሁ?»

«ሁሉም ተዘጋጅቷል።»

የተዘጋጀው ከገበያ የተገዛ ቀጭን ቆዳ ነበር፤ ስፌቱ ገና ሳይለበስ ተተርትሯል። ብረት የተባለው ደግሞ የብር ቀለም የተቀባ የውሃ ጎማ ነው፤ ጉጡን በፕላስተር አጣብቀውበታል። ዋዶ በእጇ መዘነችው።

«ይኼ ምንድነው?»

«ከሩቅ አይታወቅም፣ እናቴ። እባክሽ፣ አታሳፍሪኝ።»

ያን ጊዜም ማፈር ነበር፣ አሁንም ማፈር። ዋዶ አንገቷን አጎንብሳ ሰጠቻት።

ሜዳው በሰው ሞልቷል። ማይክ የያዘው ሰው፣ «ይህች የበና የመጀመሪያ ሚስት ናት! ክብሯ አንገቷ ላይ ነው!» ብሎ ጮኸ፤ ሕዝቡ አጨበጨበ። ኤልሳ ከፊት ቆማ በስልኳ ትቀርጻለች፣ ዓይኗ በደስታ እንባ ሞልቷል። ሣሩ ላይ ከካኮ የመጡ አራት የዋዶ እኩዮች ተቀምጠው ነበር። አንዷ ልትስቅ ጀምራ አፏን በእጇ ያዘች። ሌሎቹ ፊታቸውን አዞሩ። ጎማው አንገቷ ላይ እንደ ላባ ቀለለ፤ ያ ቅለቱ ነው ያቃጠላት።

ሲያልቅ ዕቃ የምትሰበስብ ሠራተኛ ጎማውን ተቀብላ ማዳበሪያ ውስጥ ጨመረችና ወረቀት ዘረጋች። «የመንግሥት ንብረት ስለሆነ መመለስዎን ይፈርሙልኝ፣ እናቴ።» ዋዶ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ አተመች። እራት አብራት እንድትበላ ኤልሳ ብትለምናት «ፍየሎቹ ብቻቸውን ናቸው» ብላ በመጨረሻው መኪና ወደ ካኮ ሄደች።

ኤልሳ ዛሬም በየሳምንቱ ትደውላለች። ዋዶ ስለ ዝናቡና ስለ ኡሪ የጉልበት ሕመም ታወራታለች። ልጅቱ «ቪዲዮሽን ስንት ሰው እንዳየው ብታውቂ!» ስትል ግን ዋዶ «አይሰማኝም፣ ድምፅሽ ይቆራረጣል» ትልና ስልኩን ትዘጋለች።