ምድጃው አልነበረም

አሠልጣኛችንን በመጀመሪያው ቀን «ጋሼ» ብዬ ጠራሁት። የያዝኩትን ቱቦ ከእጄ ነጥቆ መሬት ላይ ወረወረና፣ «ጋሼ እናትሽ ቤት ነው ያለው። እዚህ ያለው እሳት ነው፤ እሳት ደግሞ ዘመድ የለውም» አለኝ። ስድስቱ ወንዶች ሳቁ። እኔም ደንግጬ አብሬ ሳቅሁ።

መካነ ኢየሱስ ከተማ የውሃ ፓምፕ ሠራተኛ ነበርኩ። ለከተማችን አንድ ያገለገለ የእሳት አደጋ መኪና ሲመጣ ሾፌር ተገኘ፤ ፓምፑን የሚያውቅ ሰው ግን ጠፋ። «አንቺ ታውቂያለሽ» ብለው ለአንድ ወር ሥልጠና ንፋስ መውጫ ላኩኝ። ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ የተሰባሰብን ሰባት ነበርን፤ ሴት እኔ ብቻ። አሠልጣኙ ዕድሜውን ሙሉ በትልቅ ከተማ እሳት ሲያጠፋ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። የግራ ጆሮው ጫፍ ተቃጥሎ እንደ ደረቀ በርበሬ ተኮማትሯል። ስለዚያ ጆሮ ደፍሮ የጠየቀው አልነበረም።

ከከተማው ጫፍ ባለው ሜዳ ላይ ነፋሱ ፊታችንን እየገረፈን ውሃ የሞላ ቱቦ ይዘን እንሮጥ ነበር። ነፋስን በጀርባ ማድረግ፣ ጢስ ውስጥ በእንብርክክ መሄድ፣ ግድግዳን በእጅ እየዳሰሱ መውጫ መፈለግ ተማርን። ከቆርቆሮ በተሠራ ክፍል ውስጥ እርጥብ የገብስ ገለባ ያጨስብንና በሩን ከውጭ ይቀረቅረዋል። ስንደበድበው፣ «እሳት በር ከፍቶ አይሸኝም!» ይለናል። አንዱ እያስመለሰው ሲወጣ ውሃ እንኳ ሳያስጠጣው መልሶ አስገባው። ከአንድ ሳምንት በኋላ ሁላችንም ጠላነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ እሱ «ጎበዝ» እንዲለን እርስ በርሳችን መፎካከር ጀመርን። የቱ እንደሚያሳፍር ዛሬም አልለየሁም።

በሦስተኛው ሳምንት አረፋ ጀመርን። የሚነድ ነዳጅ ላይ ውሃ ቢረጩበት ይባስ ይስፋፋል፤ ፀጥ የሚያደርገው ከውሃ ጋር ተደባልቆ የሚረጨው አረፋ ነው። የነበረን የአረፋ ፈሳሽ አንድ ጀሪካን ብቻ ስለሆነ ሁለት ቀን በኦሞ አለማመደን። በሦስተኛው ቀን ሰፊ የብረት ገንዳ ውስጥ ናፍታና ቤንዚን ቀላቅሎ ለኮሰው።

«አረፋውን ነዳጁ ላይ አትውጉት» አለ። «ከኋላ ያለውን ብረት ምቱ። በራሱ ጊዜ ተንሸራቶ ይውረድና ያልብሰው።»

መጀመሪያ የወጣው የስማዳው ጎልማሳ ነበር፤ በሰውነቱ ከሁላችን የሚገዝፍ፣ በልቡ ከሁላችን የዋህ። ቱቦው ሲከብደኝ ሳልጠይቀው የሚያግዘኝ እሱ ነበር። ነበልባሉ ሲነሳበት ደነገጠና አፈሙዙን ቀጥታ ገንዳው መሃል ላይ ለቀቀው። ነዳጁ ተፈናጥሮ ሱሪው ላይ አረፈ። እግሩ ነደደ።

ልንሮጥ ስንል አሠልጣኙ ክንዱን ዘርግቶ አገደን። «ቁሙ! እዩት!» አለ። ጮክ ብሎም ቆጠረ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ብርድ ልብሱን የወረወረለት ከሦስት በኋላ ነው።

ሁለት ሰዎች በባጃጅ ጭነው ወሰዱት። ባጃጁ ገና ሳይርቅ አሠልጣኙ አፈሙዙን ለእኔ ሰጠኝ። የኋላውን ብረት መታሁ። አረፋው ነጭ ሆኖ ተንሸራተተ፤ እሳቱን እየሸፈነ ሄዶ ዝም አሰኘው። «ጎበዝ» አለኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። የተቃጠለው ሥጋ ሽታ ገና ከአፍንጫዬ ሳይወጣ ደስ አለኝ። ሰውየው በማግሥቱ እግሩን ተጠቅልሎ ወደ አገሩ ሲሸኝ ልሰናበተው አልወጣሁም።

የመጨረሻው ሳምንት የምርመራ ነበር። እሳቱ ከየት ተነሳ? በምን ተነሳ? አሠልጣኙ «ይህን በሜዳ አይማሩትም፤ የሰው ቤት ያስፈልጋል» ብሎ ከወረዳው አስፈቀደና ወደ ጋይንቷ ቤተ ልሔም በሚወስደው መንገድ ግድም ወዳለ አንድ መንደር ወሰደን።

ቤቱ የተቃጠለው ከሁለት ወር በፊት ነው። የሳር ክዳን ቤት ነበር፤ የቀረው ጥቁር ግድግዳና ወለሉን የሸፈነ አመድ ብቻ። ባለቤቱ ድጓ ያስተማሩ፣ አገሩ «የኔታ» እያለ የሚነሳላቸው ሽማግሌ ናቸው። ሚስታቸው ዓይናቸው የጠፋና ከመደብ የማይነሱ አሮጊት ነበሩ፤ ወጥተው አልተረፉም። የዚያን ዕለት ማለዳ የኔታ ለኪዳን ጸሎት ቤተ ክርስቲያን፣ ልጃቸው አውድማ፣ ምራታቸው ወንዝ ነበሩ። ፖሊስ መጥቶ አየና «የምድጃ እሳት» ብሎ ጽፎ ሄደ። መንደሩም ፈረደ፤ ምራቲቱ ፍሙን ሳትዳፍን ውሃ ወርዳ አማቷን አቃጠለች ተባለ። ባሏ በአርባው ማግሥት ወደ ወላጆቿ ስማዳ አባረራት። ሁለት ዓመት ያልሞላትን ሴት ልጇን ከጀርባዋ ላይ ፈትተው እንዳስቀሩባት አንዲት ጎረቤት ነገረችኝ። ስትነግረኝ አላዘነችም። «ደግ አደረጉ» አለች።

አመዱን ትንሽ ከተቃጠለው ወገን ጀምረን፣ ብዙ ወደ ተቃጠለው እየሄድን በእጃችን ማንሳት ያዝን። የእኔ ድርሻ ምድጃው ነበር። የወደቀውን የክዳን አመድ በመጥረጊያ ገለጥኩት። ከሥሩ ሦስቱ ጉልቻዎች በቦታቸው ቆመዋል። በመካከላቸው የተከመረ አመድ አለ፤ አመዱ ላይ ደግሞ የምጣድ ገል ተደፍቶበታል። ገሉን አነሳሁት። ሥሩ ያለው ፍም በወጉ ተዳፍኖ ከስሎ ቀርቷል። ከምድጃው ጀርባ ያለው ምርጊት እንኳ ከጥላሸት በቀር አልተሰነጠቀም።

«ምድጃው አይደለም» አልኩ።

አሠልጣኙ ቁጢጥ ብሎ አየው። «እሺ፣ የት ነው?»

ወደ መደቡ ሄድኩ። ከመደቡ ራስጌ ያለው የግድግዳ ቋሚ በአንድ ወገኑ እስከ ልቡ ተበልቷል። ሌሎቹ ቋሚዎች ከላይ ነው የተቃጠሉት፤ እሱ ግን ደረት ከሚያህል ከፍታ ጀምሮ ወደ ላይ። ግድግዳው ላይም እሳቱ ከዚያች ነጥብ ተነስቶ እንደ ጡሩምባ አፍ እየሰፋ የወጣበት መንገድ ይታያል። በዚያ ቦታ ምን እንደሚሰካ ለማወቅ የተማረ ሰው አያስፈልግም። የኔታ ዳዊታቸውን የሚደግሙት እዚያ ቋሚ ላይ ጧፍ ለጥፈው ነበር። ሰው በሞተበት መደብ ላይ ተንበርክኬ፣ ማወቄ አስደሰተኝ። ደስታው የአረፋው ዓይነት ነበር።

አሠልጣኙ የመንደሩን ሽማግሎች፣ ፖሊሱን፣ የኔታንና ልጃቸውን አስጠራ። ወደ ጎን ሳብኩትና፣ «እባክህ ለብቻቸው እንንገራቸው። ትልቅ ሰው ናቸው» አልኩት።

«ልጅቷ ለብቻዋ ነው የተፈረደባት?» አለኝና የጻፍኩትን ወረቀት እጄ ውስጥ ጨመቀው። «ያገኘሽው አንቺ ነሽ። አንቺ አንብቢ።»

አነበብኩ። ገሉንም አሳየኋቸው። ስለ ቋሚው ስደርስ ቀና ብዬ የኔታን አላየኋቸውም። ሕዝቡ ማጉረምረም ሲጀምር አሠልጣኙ ድምፁን ሳያነሳ ጠየቃቸው።

«የኔታ፣ ጧፍዎን የት ነበር የሚለጥፉት?»

መቋሚያቸውን ወደ ቋሚው አነሱ።

«የዚያን ዕለት ሲወጡ አጥፍተውት ነበር?»

መቋሚያቸውን አወረዱ። ልጃቸው «አባቴ?» አለ። ከዚያ መቋሚያቸው ላይ ተደግፈው መሬት ላይ ተቀመጡ።

«ደወሉ ቀደመኝ» አሉ። «ሳላጠፋው ወጣሁ። መንገድ ላይ ትዝ አለኝ። ትነቃና ታጠፋዋለች አልኩ፤ ዓይን እንደሌላት ረሳሁ።»

«ታዲያ ያውቁ ነበር?» አለ ፖሊሱ።

«ከመጀመሪያው ቀን።»

«እያወቁ ልጅቱን አስባረሩ?»

የመለሱትን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። «እሷ ልጅ ናት፤ ሌላ ቤት ትሠራለች። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ሌላ ስም ከየት አመጣለሁ?»

ልጃቸው አልመታቸውም፣ አልሰደባቸውም። ነጠላውን ከአንገቱ አውልቆ መሬት ላይ ጣለና ሄደ። ሽማግሎቹም አንድ በአንድ ተነሱ። የኔታን ለማንሳት እጁን የዘረጋላቸው የለም። እኔ ዘርግቼ ነበር፤ አልያዙትም።

ሥልጠናው ሲያልቅ አሠልጣኙ ከሁሉም አንደኛ አደረገኝ። ሪፖርቱም ለፖሊስ ገባ። ምራቲቱን ግን ሄዶ የነገራት ማንም አልነበረም። ፖሊሱ ባሏ ይነግራታል አለ፤ ባሏ በምን ዓይኔ አያታለሁ አለ። ስለዚህ ራሴ ሄድኩ። ስማዳ ድረስ በመኪና፣ ከዚያ ወዲያ ግማሽ ቀን በእግሬ።

አጥራቸው ሥር ተቀምጣ ምስር ስትለቅም አገኘኋት። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ማን እንደሆንኩ ነግሬ፣ እሳቱ ከየኔታ ጧፍ እንጂ ከምድጃው እንዳልተነሳ አስረዳኋት።

«አይደለም፣ እኔ ነኝ» አለች ቀና ሳትል።

«አይደለሽም። ዳፍነሽዋል። ገል ደፍተሽበታል። ገሉን በእጄ ይዤዋለሁ።»

«እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር የማስታውሰው። ሁሉም አልዳፈንሽም ሲለኝ ግን የሌላ ቀን ነው ያስታወስኩት አልኩ። አማቼ የኔታ ናቸው ንስሐ ግቢ፣ ስገጂ ያሉኝ። እሰግዳለሁ።» ቀሚሷን ገለጥ አድርጋ ጉልበቷን አሳየችኝ። ቆዳው ጠቁሮ እንደ ግመል ጉልበት ደንድኗል፤ መሃሉ ቆስሏል።

ቀሚሷን መልሳ ሸፈነችና ጠየቀችኝ። «እሳቸው ያውቁ ነበር?»

አላውቅም ማለት እችል ነበር። አሠልጣኙ ያየሁትን እንድናገር እንጂ የሚያስፈልገውን እንድመርጥ አላስተማረኝም።

«ያውቁ ነበር» አልኩ።

አላለቀሰችም። ሰፌዱን አንስታ ምስሩን አበጠረችው፤ አንድም ፍሬ መሬት ላይ አልወደቀም። «ልጄ አሁን ማንን ነው እናቴ ብላ የምትጠራው?» አለችኝ። ውሃ እንኳ ሳልጠጣ ተነሳሁ።

በሽምግልና ልጇ ተመለሰችላት። ስትወስዳት ሕፃኒቱ እስከዚያ ያሳደገቻትን አክስቷን ይዛ አልለቅም ብላ እንደጮኸች ሰማሁ። ባሏ ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ላከ፤ ሦስቱንም መለሰቻቸው። ያው እሷ ስትባረር «ደግ አደረጉ» ያለው መንደር በየኔታ ላይ ዞረ። ደቀ መዛሙርታቸውን ወላጆች ወሰዷቸው። ሰው በመንገድ ሲያያቸው መንገድ ይቀይራል።

ከአንድ ዓመት በኋላ ንፋስ መውጫ ገበያ ውስጥ አገኘኋቸው። ከስተዋል፤ ጋቢያቸው አድፏል። እኔ ነኝ የሸሸሁት፤ እሳቸው ግን ተከትለው መጡ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አንቺ ታውቂያለሽ» አሉኝ። «ጢሱ ነው ወይስ እሳቱ?»

ስለ ባለቤታቸው መሆኑን ወዲያው ገባኝ።

«ጢሱ ነው፣ የኔታ። ጢስ ይቀድማል።»

«ይቀድማል?»

«ይቀድማል።»

«እግዜር ይስጥሽ» ብለው እጄን ስመው ሄዱ። ነፍሳቸው እስኪወጣ ምን ያህል እንደቆዩ አልጠየቁኝም። የመደቡ ጠርዝ ላይ፣ ከጥላሸቱ ሥር፣ ምርጊቱ በጣት ተቧጥጦ አይቻለሁ። በሪፖርቱም ጽፌዋለሁ፤ ያን ዕለት በሕዝቡ ፊት ሳነብ ግን ያንን መስመር ዘልዬው ነበር።