በሐኪም ትእዛዝ የከሳ ጌታ

ኮልፌ ዳገት ላይ በየማለዳው አንድ ጌታ በእግሩ ይሄዳል፤ ሾፌሩ ባዶውን መርቸዲስ አስከሬን እንደሚሸኝ ሰው እያዘገመ ይከተለዋል። ሐኪሙ «ጮማ ትተው ካልተራመዱ ልብዎ ይቆማል» ብሎታል። ስድስት ወር ሙሉ በጎመንና በእግር መንገድ፣ በጭሰኛ ላብ ያበጠው ቦርጩ ሟሸሸ። ኮቱን ግን አላስጠበበም፤ በዚህ አገር ጌታ ከሳ ማለት ተሻረ ማለት ነዋ!

አንዲት እንጨት ተሸካሚ «ጌታዬ፣ ምነው ከሱ? ሻሩዎት እንዴ?» አለችው።

«ኧረ ሐኪም ነው በእግር ሂድ ያለኝ!»

«እኔንስ የቱ ሐኪም አዞኝ ይሆን?» ብላ ሸክሟን አስተካክላ አለፈችው።

ትናንት ዳገቱን አንዴም ሳያርፍ ወጣው። ጫፉ ላይ ፀሐይ የሚሞቁት ሰዎች አይተውት አልተነሡም። ቆሞ ጠበቀ። ከዚያ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ቀድሞ እሱ እጅ ነሣቸው።