አራት ጣት የጎደለው ጥላ

ልብስ ሰፊው አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ትከሻ ሲለካ ኖሯል። ዋጋ ሲጠራ ደንበኛ ዓይኑን ቢያፈጥበት «የምትከፍሉኝ የእጄን ነው፤ ጨርቁማ የራሳችሁ ነው» ብሎ ያልፋል። የእሱም ዓይን የሚፈጥበት ቀን ይመጣል ብሎ አስቦ አያውቅም።

ቀኑ የመጣው በሚስቱ ምክንያት ነው። ከታመመች ወዲህ ስድስት ወር ከመኝታ ቤት አልወጣችም። የምትከታተላት ነርስ «በየቀኑ ደጅ ይቀመጡ፤ ግን ይህን መድኃኒት እስከወሰዱ ድረስ ፀሐይ እንዳይነካዎት» ብላ አዘዘች። ጓሮው ደግሞ አንድ ዛፍ የለበትም፤ ቀኑን ሙሉ ሲነድ ይውላል። ስለዚህ ፐርጎላ ላሠራ አለ፦ አራት ቋሚ፣ ከላይ ርብራብ እንጨት፣ ከርብራቡ በላይ እሱ ራሱ የሚሰፋው ሸራ። በልቡ አሥር ሺህ መደበለት። አሥር ሺህ! ምስኪን።

አንድ ሚሊሜትር ከተዛነፈ እንቅልፍ ስለማይወስደው ሰፈሩ «ሚሊ» የሚለው አናጺ ጓሮውን ዞሮ አየና «ዘጠና ሺህ» አለ።

ልብስ ሰፊው ክው አለ።

«ልጄ፣ ጥላ አልኩህ እንጂ ቤት ሥራልኝ መች አልኩህ?»

«አባቴ፣ እኔስ ምን ላድርግ? ግማሹን የሚበላው እንጨቱ ነው። ዝናብና ምስጥ የማይደፍረው ካልሆነ በሁለት ዓመቱ እላያችሁ ላይ ይወርዳል። ቋሚዎቹ ሲሚንቶ ይፈልጋሉ፤ ብሎን አለ፣ ቀለም አለ፣ ማጓጓዣ አለ። የእኔ እጅማ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው።»

«እጅ» ሲባል ልብስ ሰፊው አንገቱን ደፋ። ስንቱን ደንበኛ አፍ ያስያዘባት ቃል ናት።

በማግስቱ ዘዴ አገኘ። ራሱ ለክቶ፣ ቋሚዎቹን ራሱ አስተክሎ፣ እንጨቱንም ራሱ ቢያስቆርጥ ሃያ ሺህ ይቀነስለታል። ሚሊ «ልኬቱን እንኳ ለእኔ ይተዉልኝ» ብሎ ለመነው። «አርባ ዓመት የለካሁ ሰው ነኝ!» ብሎ ተቆጣና ከአንገቱ የማይለየውን የጨርቅ ሜትር አወረደ። ከቋሚ እስከ ቋሚ አራት ሜትር ለክቶ በሲሚንቶ አስተከለ። እንጨት መሰንጠቂያ ቤት ሄዶም «አራት ሜትር» ብሎ በእነሱ የብረት ሜትር ሁለት አግዳሚ አስቆረጠ።

አግዳሚው ሲሰቀል ማዶኛው ቋሚ ላይ አልደረሰም። አራት ጣት ጎደለ። ሁለተኛውም እንዲሁ።

«ሰረቁኝ!» ብሎ ጮኸ። ሚሊ የብረት ሜትሩን ዘርግቶ ከጨርቁ ሜትር ጎን አስተኛው። አንድ ሜትር ተኩል የሆነው የልብስ ሰፊው ሜትር በዘመን ብዛት ተለጥጦ ሦስት ሴንቲ ሊሞላ ምንም ያልቀረው ትርፍ አውጥቷል፤ በአራት ሜትር ሲሰላ አራት ጣት ማለት ነው። ደንበኛውንም ጨርቁንም በዚያው ሜትር ሲለካ ስለኖረ፣ ስህተት ስህተትን እያጠፋ ልብሱ ሁሉ ልክ ይመጣለት ነበር። ሰው በራሱ ሜትር ራሱን ሲለካ መቼ ይሳሳታል?

«ቢቀጠልስ?» አለ ልብስ ሰፊው፣ ድምፁ ሰልሎ።

«እንጨት እንደ እጅጌ አይቀጠልም፣ አባቴ። ከሥሩ የሚቀመጡት እኮ እናቴ ናቸው።»

አዲስ አግዳሚ ሃያ አራት ሺህ ወሰደ። ሃያ ላትርፍ ብሎ ሃያ አራት ከሰረ፤ ከድጡ ወደ ማጡ ይሏል ይኼ ነው። በሞተር የሚሠራ የስፌት መኪና ልግዛበት ብሎ ያጠራቀመው ሁሉ ተሟጠጠ። ለሚስቱ ግን «ሠላሳ ሺህ ፈጀ» አላት።

ሸራው በተዘረጋ ዕለት ደግፎ አወጣት። ተቀመጠች፣ ቀና ብላ አየችና «ዘጠና ሺህ እንዲህ ነው የሚያምረው?» አለች።

ደነገጠ። «ማን ነገረሽ?»

«መስኮቱ ክፍት ነበር። ሚሊ ዋጋ ሲጠራ ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«ትተወዋለህ ብዬ ነዋ። ስትተወው ቅር እንዳይለኝ ራሴን ሳዘጋጅ ሰነበትኩ።»

ዘጠና ሺህ ሲባል እንደዚያ አልደነገጠም። ይህን ሁሉ ዘመን አብራው ኖራ ይተወዋል ብላ ማሰቧ አንገበገበው። ወንበሩን ስቦ አጠገቧ፣ ከጥላው ሥር ተቀመጠ።